ገነት ለወንድምህ ዋስ ሆነች

የህያ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ልቦና ይስጥህ፤ ሌላ ምርቃት የለኝም። የምለውን የምትጽፈው እህትህ ሬሐና ናት፤ ላለስልሰው ብትል ከልክያታለሁ።

ቡራዩ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ እየታመሰች ነው። ፖሊስ ቤታችን የመጣው ግን በሰልፉ ሳይሆን ባንተ ነው። ሊቢያ ገብተህ ከእነዚያ አራጆች ጋር መሰለፍህን ሰምተው፣ «አንተም ልትከተለው ነው» ብለው ወንድምህን ሙሄዲንን አሰሩት። ዘመዶቻችን ዋስ መሆን ፈሩ። የፈረመችለት ጎረቤታችን ገነት ናት፤ ያቺ ጓደኞችህ እዚያው ሊቢያ ወንድሟን ያረዱባት ጴንጤ! «አባባ፣ ሙሄዲን ምን በወጣው?» ብላ መታወቂያዋን ሰጥታ አስፈታችው። አንገቴን ደፋሁ፣ እኔ ከድር!

አሁን አንተ ብትደውልለት እሱም ገነትም ይታሰራሉ፤ እንዳትደውል። ጥለሃቸው ናና እጅህን ስጥ። ጣቢያ እኔው አስገባሃለሁ፣ ስንቅህንም እኔው አመላልሳለሁ። ብቻ በሕይወት ያግባህ።

አባትህ