ካርታው ላይ የቆመችው ነጥብ

ይድረስ ለእናት ታናሽ፣ ለእኔ ታላቅ ለሆንሽው ለእትዬ፤

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ደህና ነሽ ወይ? ጉልበትሽ ደረጃውን ቻለው ወይስ አሁንም ያኮርፍሻል? የእማዬ ጆሮስ? ጋሼን ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ለናፍቆቱ ግን እዚህ ባሕር ማዶ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ሥራዬ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስጠግን እውላለሁ። የተጠገነ ስልክ ወዲያው ይጠራል፤ ባለቤቱም «እናቴ ናት» ወይ «ልጄ ነው» እያለ ይወጣል። የእኔው ግን ኪሴ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይውላል።

ከሥራ በኋላ የምሄድበት የሬዲዮ ወዳጆች ማኅበር አለ። ደመወዝ ሳይኖረው፣ እንዲያው ለፍቅሩ በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው የተሰበሰበበት ነው። ሬዲዮው ዲጂታል ስለሆነ የያዘው ሰው የት እንዳለ ጭምር ይልካል። ችግሩ ንግግሩ ለብቻ፣ ካርታው ለብቻ፣ የስልክ መልእክቱም ለብቻ፣ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች መሆናቸው ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሆነን በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አስታረቅናቸው። አሁን የስልክ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው በሬዲዮው አጭር ጽሑፍ ሲልክ፣ ያለበት ቦታ ካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ጽሑፉም የቅርብ ሰው ብሎ ባስመዘገበው ስልክ ይገባል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለስለታል።

ከአባላቱ አንዱ «ጋሽ አለሁ» የምንላቸው የድሮ ከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አመሻሽ ላይ በሬዲዮ ስም ሲጠራ «አለሁ» ብለው ዝም ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያጓራ፣ ስልኬ ጮኸ። «ጋሽ አለሁ ነኝ። እግሬ ተሰብሯል። ወንዙ እየሞላ ነው» ይላል። እኔ ምን ጠረጠርኩ መሰለሽ? ሥራችን ተበላሽቶ ለቅርብ ሰዋቸው የላኩትን መልእክት ወደ እኔ አምጥቶት ነው ብዬ። ካርታውን ስከፍት ነጥባቸው ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ቆማለች።

መምህርቷ ጋ ደወልኩ። እሳቸውም ቦታውን ለነፍስ አድን ሠራተኞች አስተላለፉ። እኔ ደግሞ «አይተንዎታል፣ እየመጡ ነው፣ ብቻ ይመልሱልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «አለሁ» አሉ። ደግሜ ጻፍኩ፤ «አለሁ»። ከዚያ መልስ ጠፋ። እትዬ፣ አንዲት ነጥብ ላይ ዓይኔን ተክዬ ያለቀስኩትን እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። በኋላ ነጥቧ ዝግ ብላ ወደ አስፋልቱ መንቀሳቀስ ስትጀምር ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ «ምናቸው ነህ?» ብላ አስቆመችኝ። ምን ልበላት? ጋሽ አለሁ ከአልጋው ሆነው «የእኔ ሰው ነው፣ አስገቢው» አሉ። የእኔን ቁጥር ለምን እንዳስመዘገቡ ጠየቅኳቸው። «የቅርብ ሰው ጻፍ ስባል ብዙ አሰብኩ። ስልኬን ስትጠግንልኝ በልተው ነው የዋሉት ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሌላ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቤት ገብቼ የራሴን መዝገብ ከፈትኩት። ሌላው አባል ሁሉ የራሱን ሞልቷል፤ የቅርብ ሰው የሚለው የእኔው ቦታ ግን ባዶውን ነው። ያንቺን ቁጥር ልጽፈው ብዬ ነበር፤ «ባሕር አቋርጣ ምን ልታደርግልኝ፣ እንዲያው ላስጨንቃት ነው» ብዬ ተውኩት። ዛሬ ግን እለምንሻለሁ፣ ልጻፈው? ድረሽልኝ አልልሽም። ብቻ የት እንዳለሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑረኝ።

እማዬን በደህናው ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብለሽ ደህና ነው በያት። ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ እንግዲህ ቁመቷ አልፎሽ ይሆናል፣ አቅፈሽ ሳሚያት፤ ያንን ተንኮለኛ ታናሿንም ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገሽ አጎትህ ነው በይው።

የማይረሳሽ ወንድምሽ

ከስልክ መጠገኛው በላይ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት ፳፩ ቀን