ከሰልፍ የወጣሁ ዕለት

ልደታ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ላሟስ ወለደች? እኔ እንደ በሬ ጠንካራ ነኝ። ይህን የምታነብልሽ እህቴ ከሆነች ቀስ ብላ ታንብብ፣ መዝለል ትወዳለች።

ከጥር ወዲህ ድምፄ የጠፋው ስራ ላይ ሆኜ ነው። ረዳት የሆንኩለት ሾፌር፣ ጋሼ ተሰማ፣ ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች ጭኖ ደንከል በረሃ ወሰደኝ። እዚያ እሳት የሚተፋ ተራራ አለ። አናቱ ላይ ድንጋይ ቀልጦ እንደ ገንፎ ይንተከተካል! ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላሉት ጀለሶቼ ስነግራቸው ቀደዳ ነው ይሉኛል። በዓይኔ ነው ያየሁት። ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል።

መኪና ስለማይደርስ በእግር ነው የወጣነው። መንገድ መሪያችን አብዱልሃሚድ የሚባል የአገሩ ሰው ነው። ከፊት ሆኖ መሬቱን በዱላ ኳ ኳ ያደርጋል። ምነው ወንድሜ፣ ዓይንህ አይሰራም እንዴ ብዬ አሾፍኩበት። ከላይ ቅርፊት ነው፣ ከስር ባዶ ነው፣ እኔ በረገጥኩበት ርገጥ አለኝ። ሁሉም ተሰልፎ ተከተለው። እኔ ልጅሽ ግን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ይበቃኛል ብዬ ከመስመር ወጣሁ። ሳቁልኝ። አምስት እርምጃ ሳልሄድ መሬቱ ቀጭ አለና ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ፍሙ ውስጥ ገባ። አብዱልሃሚድ በዱላው ስቦ አወጣኝ። ጋሼ ተሰማ ጮኸ ቢልሽ አትመኚው፣ ማጋነን ይወዳል።

እስከ ሰኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ሐኪሞቹ ስራቸውን ሰሩ፤ ስወጣ አንድ ጫማ በቃኝ። አብዱልሃሚድ ዱላውን ሰጥቶኝ ስለነበር አሁን እኔም ኳ ኳ እያልኩ ተክለ ሃይማኖት ደርሼ እመለሳለሁ።

ለብሔራዊ ውትድርና ይወስዱብኛል ብለሽ የምትሰጊውን ተይው። ባለፈው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሲለቅሙ እኔ ደጃፍ ቁጭ ብያለሁ። አይተውኝ አለፉ። ልጅሽን እንዲህ ነው የሚፈሩት!

የመስቀሉን ነገር ቃሌ ቃል ነው፣ እመጣለሁ። ወንድ ሁሉ አገሩ ሲገባ እኔ እዚህ ልቀር? ግን ዳገቱ ጭቃ ነውና የአጎቴን በቅሎ አውቶቡሱ እሚቆምበት ድረስ ላኩልኝ። እሳት ረግጦ የመጣ ልጄ ጭቃ አይረግጥም በያቸው። የደመራውንም እንጨት ዘንድሮ ጴጥሮስ ይፍለጥ፣ ታናሽ ወንድም ለመቼ ነው?

ከበቅሎው ስወርድ ግን ሰው እንዳይሰበሰብ። አንቺ ብቻ ደጅ ቁሚ።

ልደታ ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ እስከዚያው በደህና ታቆይሽ።

የበኩር ልጅሽ