በርሜሉና ትንሿ ጣቴ

ሰኞ የካቲት 4፣ 11፡30
እንደገና ወደቀበት። በሩን ስከፍት በርሜሉ ሲንከባለል ሰማሁ። ባሌ ታደለ (ታ. እለዋለሁ፣ ማስታወሻዬ) ከሴቻ ሰፈር ወደ ሲቀላ ሲወርድ ባጃጅ ገልብጦት እግሩ ጀሶ ከገባ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው፤ የስልክ ጨዋታ ላይ በርሜል በጣት እየገፉ ተራራ ማውጣት። ግፊቱ ሲበዛ ይንሸራተታል፣ ሲያንስ ይመለሳል፣ ከወደቀ ከሥር መጀመር። የሰዎችን ልጆች ፊዚክስ ያስተምራል፤ አንድ በርሜል አቃተው።
ፀጉሬን ተቆርጬ ገባሁ። ቀና አላለም።

ረቡዕ 6፣ 12፡00
ግማሽ ወጥቷል። በርሜሉን ጎድጓዳ ቦታ አሳርፎ፣ ስልኩን ትራስ ላይ ትቶ፣ በክራንች ጓሮ ሽንት ቤት ሄደ። እስኪመለስ ሩብ ሰዓት። ድምፁን አጠፋሁና በትንሿ ጣቴ ነካሁት። እስከ ታች ወረደ። ሲመለስ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አይዞህ አልኩት። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም።

ዓርብ 8
ደገምኩት። ሲሶ ነበር የቀረው። ታ. ራት አልበላም። እኔ ጠግቤ በላሁ።

እሁድ 10፣ ከሰዓት
አማቴ፣ የታ. እናት፣ ከካምባ መጡ። ታ. ስለ እግሩም ስለ በርሜሉም ነገራቸው። ይስቃሉ ስል ጎሜ ነው አሉ፤ ቤት ውስጥ የተደበቀ በደል አለ፣ ካልተናዘዙት መከራው አይለቅም። ከጓሮ እርጥብ ሣር ነጭተው ለእርቅ ምልክት መሃላችን አኖሩ።
«የደበቀ ሰው ይናገራል። እኔ እናት ነው፣ አልፈርድም» አሉ በሀገራቸው አማርኛ።
የመ/ቤት ሰው ነኝ፣ የሰሜን ልጅ፤ በዚህ አላምንም። ግን አላበኝ።
ታ. ቀደመኝ። ከተሰበርኩ ጀምሮ ቢሮ ስትሄድ ማስታወሻዋን አነባለሁ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ፀጉርሽ አምሮብሻል።
ስድስት ቀን ዘግይቶ። ዓርብ ስልኩን ትቶልኝ የሄደው የረቡዕን አንብቦ ነው። እየፈተነኝ ነበር።
አማቴ፣ አንቺስ ልጄ? አሉኝ። የደበቅኩት የለም አልኩ። ታ. ሣሩን አይቶ ሳቀና ስልኩን አነሳ። አማቴ አምነውኝ ግንባሬን ሳሙኝ። አፈርኩ።

ሐሙስ 14፣ 11፡50
አማቴ ትናንት ተመለሱ። ታ. ጫፍ ደርሷል፣ ስንዝር ቀርቶታል። አሁን ሽንት ቤት ብሎ ወጣ። ስልኩ ትራስ ላይ ነው፣ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ። የክራንቹ ኮቴ በረንዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልራቀም፣ እያዳመጠ ነው።
ብተውለት ታረቅን ማለት ነው። ያሸንፋል፣ ጀሶው ይፈታል፣ ከዚያ እኔን ምን ብሎ ያያል? በስድስት ዓመት ትዳራችን እንደዚህ ሳምንት አይቶኝ አያውቅም።
ታ.፣ ነገ ይህን ስታነብ ቢሮ ነኝ። ድምፁን ሳልቀንስ በትንሿ ጣቴ እነካዋለሁ።