በሰድሩ ሥር ስላለችው ክፍልና ስላልተከፈቱት ሁለት ባልዲዎች

ሰንሻይን ዌስት፣ ነሐሴ 2014

ለተከበራችሁ የመረዳጃ ማኅበራችን የሕንፃ ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ለሰብሳቢው ለአቶ ስዩም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እመኛለሁ፤ ይልቁንም የጉልበታችሁንና የሳንባችሁን፣ የሜልበርን ክረምት ለሁለቱም አይመችምና። እኔ በስብሰባ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

የምጽፈው ከጓሮው በረንዳ ሥር ስላለችው ክፍል ነው። ቤቱን የሸጡልን ጣሊያናዊ ሽማግሌ ወይን ጠጃቸውን ያኖሩባት የነበረች፣ ስምንት ደረጃ ተወርዶ የሚገባባት፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። እኛ ሴቶች ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ለጥልፍ ተሰብስበንባታል። አምና አሮጌው የእንጨት በረንዳ ፈርሶ በአባላት ጉልበት ኮንክሪት ተሞላ፣ በላዩም ሰድር ተነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ታፈሳለች። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። የእኔ ሥራ ግንበኞች ከወጡ በኋላ አዳዲስ ቤቶችን ማጽዳት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አማርኛን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛን ከተጣሉ ባልዲዎች ላይ ለቅሜ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ውሃ በሚከለክለው ቅብ ባልዲ ላይ የተጻፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ ኮንክሪቱ በደንብ ይድረቅ፤ ቅቡ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሂድ፤ ግድግዳው ላይም አንድ ስንዝር ይውጣ፤ ሲደርቅ ውሃ ይተኛበትና አንድ ቀን ይታይ፤ ሰድር ከዚያ በኋላ። እናንተ ግን የምረቃውን ካርድ አስቀድማችሁ በትናችሁ ነበርና፣ ኮንክሪቱ በተሞላ በሳምንቱ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ጠዋት አንዴ ተቀብቶ ከሰዓት ሰድር ተነጠፈበት። ከሦስቱ ባልዲዎች ሁለቱ ሳይከፈቱ ዛሬም መጋዘኑ ውስጥ አሉ። ቁጠባችሁ ያስቀናል።

ሁለተኛ፣ ዝናቡ ወደ አትክልቱ መፍሰሱ ቀርቶ ወደ ቤቱ ግድግዳ እንዲወርድ በረንዳውን ስላዘነበላችሁለት። ውሃም እንደ አባል ወደ ማኅበሩ ቤት ይግባ ማለታችሁ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ጣሪያውን ከውስጥ በኩል ሦስት ጊዜ ነጭ ቀለም ስላስቀባችሁልን። የሚያለቅስን ሰው ጉንጩን ፓውደር መቀባት ምን ያህል እንደሚያጽናና ከዚህ ተምረናል።

አራተኛው ምስጋና ስለ ይሉኝታችሁ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሥራውን የመሩት ጋሼ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ስንቶቻችንን ከኤርፖርት የተቀበሉ፣ ድሮ አዲስ አበባ ግንበኛ የነበሩ፣ ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው አባት። በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው ግድግዳው ሥር ሲጠራቀም ከእናንተ ሰባታችሁ ቆማችሁ አይታችኋል። አቶ ስዩምም «እሳቸውን በስተርጅና እንዴት እናሳፍራቸው? ባይሆን ሴቶቹ ወደ አዳራሹ ይውጡ፤ ጥልፍ እንደሆነ ብርሃን ይፈልጋል» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጥገናው ግን ወረቀቱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስለ ጥልፉ እውነቱን ልናገር፤ ሴቶቹም ፈቅደውልኛል። ከዘጠኛችን የምንጠልፈው ጥቂቶች ነን። የቀሩት ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ማን ጠላፊ፣ ማን ተማሪ እንደነበረች አልናገርም። በስልሳና በሰባ ዓመታቸው ሀሁ የጀመሩ እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው እንኳ አያውቁም። መስኮት የሌላት ክፍል ለምን እንደምትወደድ አሁን ይገባችኋል። አዳራሹ በመስታወት የተከበበ ነው፤ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ያልፋሉ፣ ወንዶች ሻይ ይጠጣሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ እዚያ አንድ ቀን ብቻ መጡ። ደብተሩን ሳቀርብላቸው፣ ሠላሳ ዓመት በየቢሮው ያሉትን ቃል ለእኔም አሉኝ፦ «መነጽሬን ረሳሁት።» መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

አንድ ምስጋና ግን ከልቤ ነው። እኚህ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይረዳቸው ከግድግዳ ላይ ያነበቡት ጽሑፍ የእናንተ ነው። ወረቀቱ በተለጠፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደረጃውን ወርደው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ለ… ጥ… ገ… ና» ብለው ጀመሩ። ሲጨርሱ ደስ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። ትርጉሙ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ አልጥልም። ሰድሩ በተነጠፈበት ቀን ለሠራተኞቹ ሻይ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ባልዲው ላይ የተጻፈውን ከሁላችሁም በላይ አውቅ ነበር። ጋሼ ኃይለመስቀል ተንበርክከው በደስታ ሲሠሩ አይቼ አፌ ተያዘ። ስኳር አለው ወይ ሲሉኝ፣ አለው ብዬ አለፍኩ። እናንተ ሰባት ናችሁ፤ እኔ ስምንተኛ ነኝ።

ዓመት ዘግይቼ ባለፈው ሳምንት ኮሊንግዉድ፣ ፎቁ ላይ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «አንቺ ልጅ፣ ሰድር ይነሳል እኮ። በነጋታው ብትነግሪኝ በነጋታው መዶሻዬን ይዤ እመጣ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ስንት ሰው አየው?» ብለው ጠየቁኝ። ስምንት ስላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኛ ልናሳፍራቸው ያልፈለግናቸው ሰው ያፈሩት ያን ጊዜ ነው፤ ያፈሩትም በእኛ ነው።

ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ወንበራችሁ እንዳትጎድሉ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ከደረጃው ሥር፣
ወይንሸት

ማስታወሻ፦ ጋሼ ኃይለመስቀል ስማቸውን ሳልደብቅ እንድጽፍ አዘውኛል። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሰድሩን ማንሳት እንጀምራለን። ከላይ ሸራ ወጥረን ኮንክሪቱ እስኪደርቅ እንጠብቃለን፤ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አናውቅም፣ የምረቃ ካርድ አልበተንም። መነጽራቸውን የረሱት እናት ይመለሱ እንደሆነም አላውቅም። ኮሚቴው ሥራውን ሊያስቆም ከፈለገ ግን መንገዱ ቀላል ነው፤ ጋሼን በረንዳው ላይ ተንበርክከው ታገኟቸዋላችሁና፣ ፊት ለፊታቸው ቆማችሁ ንገሯቸው።