ሥራ የያዘው ሰውዬ

እናኑዬ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሞላ። እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ፤ በሕይወት ሳለሽም ቆም ብዬ ከልቤ ጠይቄሽ አላውቅምና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ብቻ ደክሞኛል። ተኝቼም የማይለቀኝ ድካም ነው።

ቤቱ ያው ነው። ልጃችን ቤተልሔም አርባሽን አውጥታ ወደ ባሕር ዳር ሥራዋ ተመለሰች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ በላህ ወይ ትላለች፣ በላሁ እላለሁ። የሳሎኑ ሰዓት ባትሪው አልቆ ቆሟል። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ማውረዱ ታከተኝ። ጓሮ የተከልሽው ጌሾ ግን ማንም ሳያየው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል።

ሥልጠናውን አልተውኩም። ሰሞኑን አዘዞ ላይ ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ስለ አመራር ሁለት ቀን አሠለጠንኩ። መሪ ማለት የሚሰማ ነው አልኩ እንደ ልማዴ፤ እነሱም ጻፉ። ከምሳ በኋላ እነሱ ተቀምጠው፣ እኔ ቆሜ አንቀላፋን።

ዓርብ ዓርብ በቴሌግራም ለሠልጣኞቼ የምልከው ጽሑፍም አልቆመም። ታውቂዋለሽ፤ ከላይ ሳምንቱ ያስተማረኝን እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ደግሞ ይህን ስሙ፣ ይህን እዩ፣ ይህን አንብቡ እላለሁ። ሰው የሚወደው ከሥር ያለውን ነው። እሱ ደግሞ ያንቺ ነበር። ማኅሌት ላይ የሰማሽውን ዜማ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየሽውን ሥዕል፣ ተማሪዎችሽ ከየቤታቸው ያመጡልሽን ተረት ሁሉ በዚያ ሰማያዊ ደብተርሽ ትጽፊው ነበር። እኔ ከደብተሩ እገለብጥና «ሰማሁ፣ አየሁ» እላለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔ ግን ባንቺ ወርቅ ስንት ዓመት ደመቅኩ! አንቺም አንብበሽ ትስቂና፣ ዛሬስ ጆሮህ ሸጋ ነገር ሰምቷል ብለሽ ትተዪኝ ነበር።

ከሞትሽም በኋላ መገልበጤን አላቆምኩም። ባለፈው ወር የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። «ድብ ባሕር፣ አያ ታደገ፣ የውቂያ እንጉርጉሮ። ይሄን እሱ ራሱ ይስማ» ይላል በእጅሽ። ሦስት ዓመት፣ ውቂያ በደረሰ ቁጥር አብረን እንሂድ ብለሽኛል፤ ሦስቴም ሥልጠና አለብኝ ብያለሁ። ይህንን ሰማሁ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ከዚህ በኋላ የምገለብጠው የለኝም፤ ያለኝ ምርጫ ወይ እውነቱን መናገር፣ ወይ ደክሞኛል ብሎ ዝም ማለት ነበር።

ሚኒባስ ይዤ ድብ ባሕር ሄድኩ። አያ ታደገ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ገብሱን በበሬ ያበራያል። እኔ ለሥልጠና የማደርገውን ጥቁር ጫማ እንዳደረግኩ አውድማው መሀል ዘው አልኩ። የገበሬ ልጅ ሆኜ! በሬዎቹን አቆመና እግሬን አየ።

«ምነው ወንድሜ፣ እህል ላይ በጫማ ይቆማል? ያች የጎንደሯ መምህርት እንኳ ማንም ሳይነግራት አውልቃ ነው የገባች» አለኝ።

ባሏ ነኝ አልኩት፤ ጫማዬን እያወለቅኩ። ሳቀ። «ሥራ የያዘው ሰውዬ አንተ ነህ?»

ለካ ሦስቱንም ዓመት ብቻሽን ሄደሻል። ዘመድ ልጠይቅ ነው ስትዪኝ የትኛውን ዘመድ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩሽም። ባሌ ሥራ ይዞት ነው እንጂ ይመጣል እያልሽ ቦታ ታስይዢልኝ እንደነበር ነገረኝ፤ ቦታውንም አሳየኝ። ሁለት ድንጋይ ነው፣ ጎን ለጎን። ባንቺው ላይ ተቀመጥኩ።

አያ ታደገ በሬዎቹን እየነዳ ያንጎራጉራል። የዛሬዎቹን ብቻ አይደለም፤ አርሰውለት የሞቱትን በሬዎች ሳይቀር በየስማቸው እየጠራ ያመሰግናል። እኔ አንቺን አንድ ቀን እንኳ በስምሽ ጠርቼ አላመሰገንኩም። አለቀስኩ እናኑዬ። ገለባው ዓይኔ ገብቶ መሰለው።

ሲያርፍ፣ «እሷስ ምነው ቀረች?» አለኝ።

«ሥራ ይዟት ነው» አልኩት።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ለሠልጣኞቼ እውነቱን ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ሰማሁ፣ አየሁ ያልኳችሁን የሰማችውም ያየችውም በሞት የተለየችኝ ባለቤቴ እናኑ ናት አልኩ። አንዳንዱ ስላንቺ ጠየቀኝ። ለዚያ ሁሉ ሰው የነገርኩትን ግን ለአንድ ገበሬ መንገር ተሳነኝ።

አልረሳሽም። የሰማሽውን ቦታው ድረስ እየሄድኩ እሰማለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ስምሽ ከስሜ ቀድሞ ይጻፋል። በሚመጣው ውቂያ በባዶ እግሬ ገብቼ ለአያ ታደገ መሞትሽን እነግረዋለሁ፤ ስምሽንም ከሚያመሰግናቸው ጋር እንዲጠራልኝ እለምነዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ድብ ባሕር ላይ አንቺ አልሞትሽም። ሥራ ይዞሽ ነው የቀረሽ።