በዴሳ የሄድንበት ቀን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሕመሙ ዛሬም ከአንገቴ ተነስቶ እስከ ጣቶቼ ይነዝራል፤ መጽሐፍ ስገልጥ ወረቀቱ አይሰማኝም። ልጄ አስቴር፣ «እማዬ፣ በዴሳ ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ አንዴ ቢያሽሽ ይለቅሻል» አለችኝ።

«አይነካኝም!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ያኔ ለዓመታት የደበቅሁትን ነገርኳት። አባቷን አንገቱን ሲያመው ሐኪም እንዳይታሽ ቢከለክለውም፣ በዴሳ ወጌሻው ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወጌሻው ጠመዘዘው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ አልሠራም።

«አውቃለሁ እኮ» አለች። «አባዬ ነግሮኛል። ወጌሻውን አምኖ አይደለም የሄደው። 'ከእናትሽ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገድ ከወጣን ስንት ዘመናችን!' ብሎኛል።»

እውነት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የተጠበሰ በቆሎ ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ሰጠኝ። እስከ በዴሳ ስንስቅ ነበር። ይህን እንዴት ረሳሁት?