ሳጥኑ እታች አይወርድም

ለንደን፣ ሆሎዌይ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ባኮርፍሽም ለማልጨክንብሽ ልጄ ለሐረገወይን፤

አንቺ፣ ባልሽና ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ተቆጥቻለሁ እንጂ አላመመኝም። ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ሰዎቹ ያሉሽን ብትሰሚ ምን አለበት?» ብለሽ፣ መልሴን ሳልጨርስ ሥራ ገባሁ ብለሽ ዘጋሽው። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት የሕንፃችን የቆሻሻ ክፍል ተቃጠለ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም፤ ጭሱ ግን እኔ ያለሁበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። በማግስቱ ወሬው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤቱ የማጠራቅመው እኔ ነኛ። የሕንፃው ማናጀር ሚቲንግ ጠራና «ምናልባት የወይዘሮ ዕፀገነት ባትሪዎች ይሆናሉ» አለ።

እናትሽን ታውቂያታለሽ። ሳጥኔን ተሸክሜ ወርጄ ፊቱ ዘረገፍኩለት። የእያንዳንዱ ድንጋይ ጫፍ በፕላስተር ታሽጓል። ያበጠ ወይም የፈሰሰ ካለ ቤቴ አላሳድርም። በየቅዳሜው ሆሎዌይ ሮድ ወዳለው ሱፐርማርኬት ወስጄ መሰብሰቢያው ውስጥ እከተዋለሁ። እሳቱን ያስነሳው ደግሞ አንዱ ከቆሻሻ ጋር የወረወረው ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ተማሪ፣ ሃና፣ ከእሳት አደጋ ሰዎቹ አፍ ሰምታ ተነሥታ ተናገረችልኝ።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። አዲስ አበባ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያነድ የለ? አጎትሽ ተክለ ሃይማኖት አንድ ዓይኑን ያጣው በዚያ እሳት ነው። ከቤት የተጠረገ የሬዲዮ ድንጋይ ፈንድቶ ፊቱን መታው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ድንጋይ ከቆሻሻ ጋር ሲደባለቅ የሚያመጣውን ጣጣ ለእኔ ማንም አያስተምረኝም።

ሐሰት አልናገርም፣ ማናጀሩ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ግን ያንን አንቺ የወደድሽለትን ሐሳብ አመጣ። ሳጥኑ እታች መግቢያው ላይ ይሁን፣ ሰውም ሲገባ ሲወጣ እየጣለ ይለፍ፣ የካውንስሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰዎች መጥተው ይውሰዱት፤ «እርስዎም ያርፋሉ» አለኝ።

«ዕረፍት መች ጠየቅኩህ?» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እታች ከሆነ ጫፉን ማን ያሽጋል? ሕፃን ቢያነሣውስ? ያቺ ትንሿ የሰዓት ድንጋይ ብትዋጥ የልጅ ጉሮሮ ታቃጥላለች፤ አንቺም የልጆችሽን መጫወቻ ቼክ አድርጊ። ይህን ስለው ማናጀሩ የሚቆለፍ ሳጥን እናደርጋለን አለ። ሳጥኑ አይወርድም አልኩ፣ አለቀ። ግትር በይኝ፣ ግድ የለኝም።

ደግሞስ እኔን ምን አስቸገረኝ? አንደኛ ፎቅ ያለው ሽማግሌ እንግሊዝ ጆሮው ላይ የሚያደርጋትን የመስሚያ መሣሪያ ድንጋይ በየሳምንቱ ያመጣልኛል። ጥፍር የምታህል ነገር ለማስረከብ ሁለት ስኒ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ሟች ሚስቱም ያወራል። ሃና ደግሞ ድንጋይ አለቀብኝ ብላ የምታመጣው አንዳንዴ ገና ያላለቀ ነው። አውቅባታለሁ፣ ፈተና ሲያስጨንቃት ነው። ዝም ብዬ ወጥ አሞቅላታለሁ። ሊፍቱ በተበላሸ ቀን እንኳ ደረጃውን ወጥተው ይመጣሉ። እታች መጣል እየቻለ ደረጃ የሚወጣ ማን አለ?

ማናጀሩ ሰኞ ሳጥኑን ሊወስድ ይመጣል አሉ። ይምጣ። ሻይ እሰጠዋለሁ፣ ሳጥኑን አልሰጠውም።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርዳችሁ፤ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ ያንን ሩቅ አገር፣ ሜልበርንን፣ የደስታ አገር ያድርግልሽ። ስለ እኔ አትጨነቂ። የሬዲዮዬ ድንጋይ ካለቀ ሰነበተ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ አልቀየርኩትም። የበሩን ደወል ድንጋይ ግን ገና ሳያልቅ ነው የምቀይረው።

እናትሽ ዕፀገነት